የጣና ተፋሰስ ላይ ሲወሰን እኛ የት ነን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ላይ ስለ ጣና የማያወራ ሰው የለም። ሻይ ቤትም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ወሬው ይነሳል። ብዙ ጊዜ «መንግሥት ዝም ብሎ ያያል» ላይ ደርሶ ይቆማል። እዚህ የተሰበሰቡት ከዚያ ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው። ማን ነው የሚወስነው? መቼ? እኔስ በየት በኩል ልግባ? የከተማውንም የገጠሩንም ጥያቄ ቀላቅዬ አቅርቤዋለሁ። ውሃውም ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው።

እርሻ የለኝም፣ ሐይቁ ዳርም አልኖርም። ተፋሰስ እኔን ምን ያገባኛል?

ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ወርዶ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚፈስበት መሬት ሁሉ ነው። የጣና ተፋሰስ ወደ 15 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሐይቁ ራሱ ከ3 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህ ማለት ሐይቁን የሚያበላሸውም የሚያድነውም ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ከሐይቁ ርቆ ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ይነሳል። ጉማራና ርብ ከጉና ይወርዳሉ። መገጭ ከጎንደር በኩል ይመጣል። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት እነዚህ አራቱ ናቸው።

ነሐሴ ላይ ከባህር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ የጉማራ ድልድይ ላይ ወደ ታች ተመልከቱ። ውሃው ቡናማ ነው። እያያችሁት የሚያልፈው የሰው ማሳ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለለት ወንዝ ግንዱን ብቻ አይደለም የያዘው። የተሸከመው አፈር መጀመሪያ የሚያርፈው ጣና ላይ ነው። ጣና ደግሞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ማሰሮ ሳይሆን ትሪ በሉት። ትሪ ቶሎ ይሞላል።

ከተማ ውስጥ ያለነው ደግሞ የራሳችንን እንጨምርበታለን። ወደ ጎርፍ መውረጃ ቱቦ የሚለቀቀው የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የመኪና እጥበት፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ መጨረሻው ሐይቁ ወይም ዓባይ ነው። ስለዚህ ያገባችኋል።

መጠየቅ መብቴ ነው ወይስ የበላይ አካል ሲፈቅድልኝ ነው?

መብታችሁ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ የሚመለከተውን የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲታቀድም ሲፈጸምም ሐሳቡን የመግለጽ ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 43 ደግሞ የምትኖሩበትን አካባቢ የሚነካ የልማት ሥራ ሲመጣ አስተያየታችሁን የመስጠት መብት ይሰጣችኋል። አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አለ።

«ሲታቀድም» የምትለዋ ቃል ላይ ጣታችሁን አኑሩ። አብዛኛው ክርክር የሚነሳው እዚያች ላይ ነው።

በየዓመቱ ጥር ላይ እርከን እንሠራለን። እሱ ተሳትፎ አይደለም እንዴ?

ከሁሉም በላይ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። መልሴ ብዙ ሰው ላይወደው ይችላል። ጉልበት መስጠት አንድ ነገር ነው፣ መወሰን ሌላ ነው።

የጥር እና የየካቲት ዘመቻ ቀላል ሥራ አይደለም። አዝመራው ከገባ በኋላ ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ያለ ክፍያ ተራራ ላይ ይወጣል። በዚህ ሥራ ያገገሙ ተራሮች፣ ሣር የበቀለባቸው፣ ምንጫቸው የተመለሰ ቦታዎች በክልሉ ውስጥ አሉ። ይህንን ማቃለል ነውር ነው።

ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። እርከኑ የት እንደሚሠራ ማን ወሰነ? ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆንስ? በብዙ ቦታ መልሱ «ኮታው ከላይ መጥቶ ነው» ነው። ወረዳው ለቀበሌው ያወርዳል፣ ቀበሌው ለልማት ቡድኑ ያከፋፍላል፣ ልማት ቡድኑ ሜትር ቆጥሮ ለየሰዉ ይሰጣል። ሪፖርት የሚደረገው ኪሎ ሜትሩ ነው። እርከኑ ሐምሌ ላይ ተንዶ ይሁን ቆሞ ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይሠራል፣ እንደገናም ይቆጠራል።

ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ እኮ እንዲህ አይልም። መመሪያው ሥራውን ከ200 እስከ 500 ሄክታር በሚሆን ትንሽ ተፋሰስ ይጀምራል። ይህ ነዋሪው በእግሩ ዞሮ ሊያየው የሚችል ስፋት ነው። ከዚያ ነዋሪው በጠቅላላ ጉባኤ የራሱን ኮሚቴ ይመርጣል፣ ኮሚቴው ከባለሙያው ጋር ተፋሰሱን ዞሮ ችግሩን ይለያል፣ ዕቅዱ ተመልሶ ጉባኤው ፊት ቀርቦ ይጸድቃል። ዶማ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ «መመሪያው ይከበር» ስትሉ አዲስ ነገር እየጠየቃችሁ አይደለም።

እኛ ባለሙያ አይደለንም። የእኛ አስተያየት ምን ይጨምራል?

ብዙ ይጨምራል። ለምሳሌ ቦረቦርን፣ ጎርፍ ሸርሽሮ የከፈተውን ገደል እንውሰድ።

ከባህር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ደብረ ማዊ አካባቢ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የአፈር መሸርሸርን ሲያጠኑ ኖረዋል። ካገኙት ነገር አንዱ ይህ ነው። ተዳፋቱ ላይ የሚሠራው እርከን ይጠቅማል፤ ሆኖም ትልቁን ደለል የሚያመነጨው ብዙ ጊዜ ታች ሸለቆው ውስጥ ያለው ቦረቦር ነው። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ታችኛው መሬት ውሃ ይጠግባል። የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይቀርባል። ያኔ የቦረቦሩ ግድግዳ ከሥሩ እየራሰ ከነሣሩ፣ ከነዛፉ ይናዳል። ላይ ተራራው ላይ የቱንም ያህል እርከን ብትደረድሩ ይህ አይቆምም።

አሁን ቦረቦሩ ራስ ላይ ቁሙ እንበል። ከጎናችሁ አንድ አባወራ አለ። «እዚህ ጋ ሐምሌ አጋማሽ ላይ መሬቱ ያለቅሳል፤ በሬ አይቆምበትም» ይላችኋል። ትንሽ ራቅ ብሎ «ያ ስንጥቅ አምና አልነበረም» ይላል። እናትየው ደግሞ ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደፈርስ ይነግሯችኋል። ይህን ካርታ ላይ አታገኙትም። ባለሙያው በበጋ መጥቶ ደረቁን መሬት ብቻ ሊያይ ይችላል። ቦረቦር ገና ክንድ ሲያህል በጥቂት ድንጋይና ሣር ይያዛል። ቤት ሲያህል ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ ቅርጫት የታጨቀ ድንጋይ ይጠይቃል፣ ጋቢዮን ደግሞ በጀት ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ቀድሞ የሚያየው ደግሞ እዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

ባለሙያው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ጋቢዮን በግምት አይሠራም። ሁለቱ አንድ ላይ ካልዞሩ ግን ገንዘቡም ጉልበቱም ባክኖ ይቀራል።

ስብሰባ ተጠርቻለሁ። ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ አንሱ። «ዛሬ እኛ ምን ብንል ይለወጣል?» ሰብሳቢው መልስ ከሌለው ስብሰባው መግለጫ ነው። ምክክር አይባልም። ይህን በትሕትና መናገር ይቻላል።

የቀበሌ ስብሰባን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰዉ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሽማግሌዎች ፊት፣ ሴቶች ወደ ኋላ፣ ወጣቱ ዳር ላይ ቆሞ። አንድ ሰው ረጅም ንግግር ያደርጋል። መሐል ላይ የስም ዝርዝር ያለበት ወረቀት መዞር ይጀምራል። ሁሉም ይፈርማል። መጨረሻ ላይ «ሐሳብ ያለው?» ይባላል፣ ሁለት ሦስት ሰው ያመሰግናል፣ በጭብጨባ ይጸድቃል።

ያ የዞረው ወረቀት ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። የተገኛችሁ መሆናችሁን የሚያሳይ ነው ወይስ የተስማማችሁ? አንዳንዴ ርዕሱ ባዶ ሆኖ ይዞራል። በኋላ ከሰነድ ጋር ተያይዞ «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ተብሎ ይቀርባል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የወረቀቱ አናት ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቡ። ባዶ ከሆነ «የተገኙ ሰዎች ዝርዝር» ተብሎ እንዲጻፍበት ጠይቁ። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለ አንብቡለት።

ከዚያ ቃለ ጉባኤው እዚያው እንዲነበብ ጠይቁ። የተቃወማችሁት ነገር ካለ ተቃውሟችሁ ይጻፍ። የተባለው ሁሉ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ወር ማንም አያስታውሰውም።

ሴቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች በኮሚቴው ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

ኮሚቴው የባለ መሬት ብቻ ከሆነ ውሳኔውም የባለ መሬት ብቻ ይሆናል። ተራራው እንዲያገግም ሰውና ከብት እንዳይገባበት ሲከለል፣ እንጨት ለቅማ የምታበስለው ማን ናት? ውሃ የሚቀዳውስ? ከብት የሚጠብቀው ማን ነው? እነዚህ ሰዎች ሳይጠየቁ የተከለለ ቦታ በሌሊት ይገባበታል። ብዙ ቦታ የተከለለ መሬት ለተደራጁ ወጣቶች ለንብ ማነብና ለከብት ማድለብ ይሰጣል። ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ማን እንደሚደራጅ አስቀድሞ በጉባኤ ካልተወሰነ የዘመድ አዝማድ ይሆናል።

አንድ ቀላል ነገር ደግሞ አለ። ስብሰባውን በገበያ ቀን ወይም በምሳ ሰዓት ጠርቶ «ሴቶች አልመጡም» ማለት አይቻልም።

ደንገል የሚያጭዱትና ዓሣ የሚያሰግሩትስ?

ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ኑሮው ከሐይቁ ጋር የተሳሰረ ነው። ታንኳውም፣ ሰፌዱም፣ ዕቃ መሸጫ ቅርጫቱም ደንገል ነው። ረግረጉ ታርሶ ሲያልቅ ወይም ዳርቻው ለሕንፃ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። የእርሻ መሬት ስለሌላቸው ግን በገበሬ ስብሰባ አይጠሩም፤ ከተማው ውስጥም ዳር ላይ ናቸው። ስለ ሐይቁ ዳርቻ የሚመክር ማንኛውም ስብሰባ ዓሣ አስጋሪውንና ደንገል ሠራተኛውን ካልጠራ ጎዶሎ ነው።

ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከ15 ያላነሱ የላቤዎባርበስ ዝርያዎች ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ክረምት ላይ ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት ዘር ማጥፋት ነው። ይህን ከማንም በፊት የሚያውቁት አስጋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የማስገር ገደብ ሲወጣ ወሩንና ቦታውን ከእነሱ ጋር መወሰን ያዋጣል።

ልቅ ግጦሽ ይቁም ይባላል። ከብቴን ምን ላብላ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ሳይዘጋጅ ክልከላ ሲመጣ ነው ግጭት የሚነሳው። ከብት የሚረግጠው እርከን አይቆይም፣ የተተከለ ችግኝም አይድንም። ይህ እውነት ነው። ሆኖም መኖ ሳይኖር ግጦሽ መከልከል ገበሬውን «ከብትህን ሽጥ» እንደማለት ነው።

በደንብ የሄደባቸው ቦታዎች የሚያደርጉት አላቸው። መተዳደሪያ ደንቡን ራሱ ነዋሪው ያወጣል። የተከለለው ቦታ ሣር በጋራ ይታጨዳል፣ በዕጣ ወይም በቤተሰብ ልክ ይከፋፈላል። ጥሶ የገባ ከብት ስንት እንደሚያስቀጣ ጉባኤው ይወስናል። ቅጣቱ የት እንደሚገባም ጭምር። ደንቡ ሲወጣ የዕድርና የሰንበቴ ሰዎች አሉበት። የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባቶችም አሉበት። ዳኝነታቸው በሕዝቡ ዘንድ ስለሚከበር ደንቡ ክብደት ያገኛል። ቀበሌው ብቻውን ያወጣው ደንብ ሊቀ መንበሩ ሲቀየር ይረሳል።

የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ምንድን ነው? ከኮሚቴው በምን ይለያል?

ኮሚቴ ዕቅድ ያወጣል፣ ሥራ ያስተባብራል። ማኅበር ግን ሕጋዊ ሰውነት ይኖረዋል። የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ውል ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ተራራው ካገገመ በኋላ ሣሩን፣ ማሩን፣ እንጨቱን ማን ይጠቀም የሚለውን የሚዳኘው እሱ ነው። ለመስኖ ደግሞ የራሱ ሕግ አለ፤ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ይባላል። በሜጫ በኩል 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ ዓይነት ሥራ ያለ እንዲህ ያለ ማኅበር አይዘለቅም። የላይኛው ተጠቃሚ ውሃውን ሌሊት ከጠለፈ የታችኛው ምን ይሆናል?

ሐይቁ ዳር ክልል ቀጠና ይወጣል ይባላል። መሬቴ ይወሰዳል?

የዳርቻ ክልል ቀጠና፣ ብዙ ሰው ባፈር ዞን የሚለው፣ ሐይቁን ለመጠበቅ በዙሪያው የሚከለል መሬት ነው፤ ለሐይቁ እጅግ ያስፈልገዋል። በዳርቻው ያለ ደንገልና ሣር ደለሉንም ማዳበሪያውንም ያጣራል። ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰው ባህር ሸሽ መሬት ግን የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ሩዝም፣ ጓያም፣ አትክልትም ይበቅልበታል። ፎገራ ላይ ረግረጉ ወደ ሩዝ ማሳ ሲቀየር ገበሬው ተጠቅሟል፣ ሐይቁ ደግሞ ማጣሪያውን አጥቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። የባዮስፌር አሠራር ሦስት ዓይነት ቀጠና አለው። ጥብቅ የሆነው፣ በዙሪያው ውስን ሥራ የሚፈቀድበት፣ ከዚያም ሰው በዘላቂነት እየሠራ የሚኖርበት። ሰውን ጠርጎ ማስወጣት ማለት አይደለም። መሬታችሁ የትኛው ቀጠና ውስጥ እንደሚወድቅ ካርታውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ካርታ ስል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ትልቁን ማለቴ አይደለም። ማሳችሁን የሚያሳየውን ነው። ድንበሩ ሲተከል እዚያው ተገኙ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁ በእጃችሁ ይሁን። የምትለቁት መሬት ካለ ካሣ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ለተፈናቀለ ወይም ኑሮው ለተነካ ሰው ይህን ደንግጓል።

እዚህ ላይ አንድ አስተያየት ልጨምር። ገበሬው ከሐይቁ ዳር በመቶ ሜትር ራቅ ተብሎ ሳለ አጠገቡ ሆቴልና መዝናኛ ውሃው ውስጥ እግሩን ነክሮ ከቆመ ማንም ደንቡን አያከብርም። ክልል ቀጠናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ካልሆነ ከነጭራሹ ባይወጣ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ይውጣ ባይ ነኝ፣ ግን ከሆቴሉ ይጀመር።

አንድ ድርጅት ፍሳሹን ወደ ዓባይ ወይም ወደ ጣና ሲለቅ አይቻለሁ። የት ላመልክት?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ያዙ። ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ማመልከት ይችላል ይላል። ስለዚህ «አንተን ምን አገባህ?» ለሚላችሁ ሰው መልሱ እዚያ አለ። ማመልከቻው የሚገባው ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። እኛ ጋ የአካባቢና ደን ጥበቃ ባለሥልጣን ማለት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

በቃል መናገር አይበቃም። በጽሑፍ አስገቡ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አስወጡ፣ ኮፒው ላይ ማህተም አስመቱ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ፎቶ ስታነሱ ቦታውን የሚያሳይ ነገር ከፍሬሙ ውስጥ አስገቡ፣ ድልድይ ወይም ምሰሶ። ሰዓቱንም ጻፉ። ፍሳሽ ሌሊትና እሑድ የሚለቀቅ ከሆነ ሰኞ ጠዋት የሚመጣ ተቆጣጣሪ ንጹሕ ቱቦ ነው የሚያየው።

ትልቅ ፕሮጀክት ሊመጣ ነው ተብሏል። ጥናቱን ማየት እችላለሁ?

አዎ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንቀጽ 15 የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። በተለይ ፕሮጀክቱ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት በጥናቱ ውስጥ እንዲካተት ይጠይቃል። ችግሩ ሰነዱ ወፍራም ነው፣ ብዙ ጊዜም በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ ማጠቃለያ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ካላችሁ አስነብቡት። ለቀልድ አይደለም የምለው፤ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ውሃና አካባቢ የሚያጠኑ ልጆች ብዙ ናቸው።

ሐይቁ ሲጎድልና ሲሞላ የሚወስነው ማን ነው? እዚያ ላይ ድምፅ አለን?

እዚህ ላይ ድምፃችን ቀጭን ነው፣ እውነቱን እንናገር። በ1988 ዓ.ም አካባቢ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ ግድብ ከተሠራ በኋላ ከጣና የሚወጣው ውሃ በበር የሚለቀቅ ሆኗል። በ2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ውሃው በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ይሄዳል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በበጋ የቀጠነው በዚህ ምክንያት ነው። በ1995 ዓ.ም ዝናቡም አንሶ፣ የሚለቀቀውም በዝቶ ሐይቁ እጅግ ወርዶ ነበር። ጀልባና መርከብ መንቀሳቀስ አቅቷቸው እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው።

ዓባይ ድንበር ተሻጋሪ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ ውሳኔውን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። ቀበሌ ላይ ብትጮኹ የሚሰማችሁ የለም። ጥያቄው መቅረብ ያለበት በምክር ቤት ተወካይ በኩል፣ በተፋሰስ አስተዳደሩ በኩል፣ በጽሑፍ ነው። የመርከብ ሠራተኛው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ የጢስ ዓባይ አስጎብኚው በየፊናቸው ሲያማርሩ አይሰሙም። አንድ ላይ «ሐይቁ ከዚህ ከፍታ በታች አይውረድ፣ ሊወርድ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩን» ቢሉ ይለያል።

እምቦጭን ነቅለን ነቅለን ደከመን። አሁንም እንውጣ?

እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ያላደረገው የለም። ገበሬው በእጁ ነቀለ፣ ወጣቱ ከየከተማው መጣ፣ ውጭ ያለው ወገን ለማሽን ገንዘብ አዋጣ። በጥቅምት 2013 ትልቅ ዘመቻ ተካሄደ። አረሙ ይቀንሳል፣ ይመለሳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ደግሞም ምግቡ ከላይ ይመጣለታል፤ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያና አፈር፣ ከከተማ የወጣ ፍሳሽ።

ስለዚህ ውጡ፣ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። የተነቀለው የት ይጣላል? ዳር ላይ ተከምሮ ከቀረ ክረምት ሲመጣ ውሃው መልሶ ይወስደዋል። ማን ነው በየወሩ የሚከታተለው? ዘመቻው ሲያልቅ ቦታው ለየትኛው ቀበሌ ተረከበ? የሕዝብ ጉልበት ያለ ክትትል ዕቅድ ሲጠራ ሰዉ ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። አይፈረድበትም።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቦታ አላቸው?

ዘጌን ሂዱና እዩ። በገዳማቱ ሥርዓት ምክንያት እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። ሕዝቡ ከቡና፣ ከጌሾ፣ ከፍራፍሬ ይኖራል። ጫካው እስካሁን አለ። በየገጠሩ ደግሞ የደብር ዛፍ ብቻውን የቀረበት ተራራ ስንት ነው። የተፋሰስ ኮሚቴ ሲመረጥ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ እስላም ባለበት ቦታ የመስጊዱን ኢማም መጥራት ግድ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተነገረ ነገር የማይደርስበት ቤት የለም።

ሐሳብ ሰጥቼ ምንም ባይለወጥስ?

ይህ በተደጋጋሚ ይሆናል። ለምን እንዳልተቀበሉት በጽሑፍ ጠይቁ። «የሰጠነው አስተያየት ይህ ነበር፣ ለምን ቀረ?» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል። ወረዳው ካልመለሰ ዞን፣ ዞን ካልመለሰ ክልል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደልን ይሰማል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ፣ አንዲት ሴት ጨምራችሁ ሂዱ። አንድን ሰው «ነገ ና» ማለት ይቀላል።

ከየት ልጀምር?

ገጠር ከሆናችሁ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አግኙ። የጥር ሥራ ዝግጅት የሚጀምረው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ጥር ከገባ ዕቅዱ አልቋል። «የእኛ ተፋሰስ ኮሚቴ ማን ማን ነው? ዕቅዱን ማየት እንችላለን?» በሉ። ኮሚቴ ከሌለ ይመረጥ በሉ።

ከተማ ከሆናችሁ በሰፈራችሁ ያለውን የጎርፍ ቱቦ ተከተሉ። የት ይጀምራል፣ ምን ይገባበታል፣ የት ይፈሳል? ያያችሁትን ጽፋችሁ ለቀበሌው አስገቡ። ማህተሙን እንዳትረሱ።